ሜዳው ተዘግቶ ሳለ ቡድን እንዴት ይመዘናል?

"ሃርፐር ሄደ እኮ ጋሼ! በቃ፣ አለቀልን።"

የእህቴ ልጅ ይህን ያለኝ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 መጀመሪያ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነው። የቤዝቦሉ ኮከብ ብራይስ ሃርፐር ሰባት ዓመት ለዋሽንግተን ናሽናልስ ከተጫወተ በኋላ ወደ ፊላዴልፊያ ፊሊስ መሄዱ የተሰማበት ሳምንት ነበር። የ13 ዓመት ውል፣ 330 ሚሊዮን ዶላር። ልጁ የሃርፐርን 34 ቁጥር ማልያ ለብሶ ነው የሚያኮርፈው። እናቱ ደግሞ አጠገባችን ቡና ልትቆላ በሰፌድ ጥሬውን ትለቅማለች።

እኔ ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ቤዝቦል የገባኝም ከኋላ ወንበር በሚወራው ነው። ከአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ካለው ናሽናልስ ፓርክ የጫንኳቸው ደጋፊዎች በጨዋታው ወራት ስለ ትናንቱ ጨዋታ ያወራሉ። ብርዱ ሲገባና ሜዳው ሲዘጋ ግን ወሬው ይበረታል። ማን ሄደ? ማን መጣ? ስንት ዓመት ተፈረመለት? ለካ ይህ ወሬ የራሱ ስሌት አለው፤ ስሌቱ ደግሞ አንድ ሰፌድ ቡና ላይ ያልቃል።

"ና፣ እንቁጠረው" አልኩት።

መቶ ስልሳ ሁለት ፍሬ ቆጥረን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስን። አንድ ክለብ በመደበኛው ውድድር 162 ጊዜ ይጫወታል፤ አቻ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ማሸነፍ ወይ መሸነፍ ነው። ከዚያ 48 ፍሬ ለብቻ ለየሁ። የቤዝቦል ቆጣሪዎች እንደሚሉት፣ አንድ ክለብ ኮከቦቹን ሁሉ አሰናብቶ ማንም በዝቅተኛ ደመወዝ ሊያመጣቸው በሚችል ተጫዋቾች ብቻ ቢሞላ እንኳ ወደ 48 ጨዋታ ያሸንፋል። በሌላው ዳር ደግሞ በ2001 ሲያትል ማሪነርስ 116 አሸንፏል። እንዲህ ያለው እምብዛም አይታይም። ስለዚህ የብርዱ ወራት ንግግር ሁሉ በ48ና በመቶ መካከል ስላለው ፍሬ ነው። አንድ ሰው፣ ሃርፐርም ቢሆን፣ ከዚህ ውስጥ የሚያመጣው በጣም ጥሩ በሆነ ዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ አላመነኝም። በእግር ኳስ አንድ ሰው ቡድን ይለውጣል፤ በቤዝቦል ግን መቺው ተራው እስኪደርስ ስምንት ጓደኞቹን ይጠብቃል።

ቀጥሎ የምናየው ያለፈውን ዓመት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ናሽናልስ በ2018 82 አሸንፎ 80 ተሸነፈ። ሰሌዳውን ብቻ ያየ ሰው መካከለኛ ቡድን ይለዋል። እኔ ግን ሁለት ሌሎች ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፦ ያስቆጠረው ነጥብ 771፣ የተቆጠረበት 682። ልዩነቱ 89 ነው። ለዓመታት የተፈተነው የተለመደ ስሌት፣ እያንዳንዱ የአሥር ነጥብ ልዩነት የአንድ ጨዋታ ድል ያህል ነው ይላል። የ162 እኩሌታ 81፤ በዚያ ላይ ዘጠኝ ገደማ ስንጨምር 90 ይሆናል። ቡድኑ የ90 ጨዋታ ሥራ ሠርቶ የ82 ደመወዝ ተከፈለው ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በጁላይ 31 ቀን 2018 ናሽናልስ ኒው ዮርክ ሜትስን 25 ለ 4 ቀጣ። ሃያ አንድ ነጥብ ልዩነት! ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን አንድ ድል ነው። በሌሎች ቀናት በአንድ ነጥብ እየተሸነፈ ሲሄድ ያ ሁሉ ነጥብ ምንም አልረዳውም። በአንድ ነጥብ መሸነፍ አብዛኛውን ጊዜ ዕድል ነው፤ ነጥብ ማብዛት ግን አቅም ነው። ዕድል በሚቀጥለው ዓመት ሊለወጥ ይችላል፣ አቅሙ ግን አብዛኛው ይቀራል። ስለዚህ መነሻችን 82 ሳይሆን 90 ነው።

"እሺ፣ ግን ሃርፐር ከዚያ ይቀነሳል" አለኝ። ልክ ነው። ግን ምን ያህል?

ሃርፐር በ2018 34 ሆም ራን (ከሜዳው አጥር ውጭ የሚወጣ ምት) መታ፣ 100 ነጥብ አስገባ፣ 130 ጊዜ ደግሞ ወርዋሪዎች ፈርተውት ወይም ስተው በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ አለፈ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመምታት አማካዩ ግን .249 ነበር፤ በሩቁ ሜዳ ላይ ኳስ በማሳደድም ያ ዓመት አልሆነለትም። ዋናው ጥያቄ ግን በቦታው ማን ይቆማል የሚለው ነው። እሱ ሲሄድ ቦታው ባዶ አልቀረም። ቪክቶር ሮብልስ የሚባል ፈጣን ወጣት ገባ፤ በግራ በኩል ደግሞ በ19 ዓመቱ መጥቶ አገሩን ያስደነቀው ዋን ሶቶ አለ። የሚቀነሰው የሃርፐር ሙሉ ሥራ ሳይሆን በእሱና በተተኪው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከቤት አንድ ሠራተኛ ሲወጣ ቤቱ የሚጎድለው በዚያ ሰው ሙሉ ደመወዝ አይደለም፤ ተተኪው ሊሸፍነው ባልቻለው ያህል ነው።

ሦስት ፍሬ ቀነስኩ። ልጁ አንድ ጨመረበት፤ አራት ይሁን አልኩ።

ከዚያ የመጡትን ቆጠርን። ናሽናልስ በ2018 በኳስ ቀላቢ ቦታ በጣም ደካማ ነበር፤ ለዚያ ሁለት ሰዎች አመጣ፣ ያን ጎምስንና ከርት ሱዙኪን። ለደጋፊው ስማቸው አይደምቅም፣ ማልያቸውንም የሚገዛ ብዙ ሰው የለም። ግን ቀዳዳ የሚደፍን ሰው ከኮከብ የማይተናነስ ፍሬ ያመጣል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሱዙኪ ለሁለት ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ነው የተፈረመለት። ወርዋሪው አኒባል ሳንቼዝ ለሁለት ዓመት 19 ሚሊዮን። ትልቁ ግዢ ሌላው ወርዋሪ ፓትሪክ ኮርቢን ነበር፤ ለስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልበል። የአውሮፓን እግር ኳስ የሚከታተል ሰው የዝውውር መስኮት ሲባል ክለብ ለክለብ የሚከፍለው ዋጋ ይታየዋል። ቤዝቦል ላይ እንዲህ አይደለም። ተጫዋች ወይ በሌላ ተጫዋች ይለወጣል፣ ወይ ነፃ እስኪወጣ ይጠበቃል። ነፃ ለመውጣት በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት ማገልገል አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ክለቡ የፈቀደውን ይከፍለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው ደመወዝ ፈቅ አይልም፣ ይህም በ2019 555 ሺህ ዶላር ነበር። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ካልተስማሙ የግልግል ዳኛ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ነው ገበያ የሚወጣው። በ2019 34 ሆም ራን የመታው ሶቶ ከዚያ ዝቅተኛ ደመወዝ ብዙ ያልራቀ ይከፈለው ነበር። ቡድን የሚሠራው በርካሽ በተያዙ ወጣቶች ነው፤ ከእነሱ የተረፈው ገንዘብ ነው ኮርቢንን የገዛው። ስለ ክለብ ተስፋ ስትጠየቁ ከኮከቡ በፊት የወጣቶቹን ዕድሜ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

ወጪው ጣሪያ ባይኖረውም መቀጫ አለው። በ2019 ደመወዙ 206 ሚሊዮንን ያለፈ ክለብ የቅንጦት ግብር ይከፍል ነበር። ናሽናልስ ደግሞ ዱቤ ይወድ ነበር። ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር በ2015 ለሰባት ዓመት 210 ሚሊዮን ሲፈርም ግማሹ ለኋላ ተቀጠረ። ሸርዘር ክለቡን ከለቀቀ በኋላም እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል። ለሃርፐርም የ10 ዓመት 300 ሚሊዮን ሲቀርብለት ከፊሉ እንዲሁ ለሩቅ ጊዜ የተቀጠረ እንደነበር ተዘግቧል። ዱቤ ዛሬን ያቀልላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሜዳ ላይ ለሌለ ሰው ከገበታ ላይ ይቆረሳል።

የውል ርዝመትም እንዲሁ ነው። የቤዝቦል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ26 እስከ 29 ባለው ዕድሜ ይጎመራል፣ ከ30 በኋላ ይወርዳል። ሃርፐር ሲፈርም 26 ነበር፤ ለእሱ መክፈል ለሚመጣው መክፈል ነው፣ በ2021ም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ፊሊስን አላሳፈረም። ኮርቢን ግን 29 ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 14 ድል በስሙ ተመዘገበ፣ 238 መቺዎችንም በሦስት ስትራይክ፣ ኳስ ሳያስመታ፣ አሰናበተ። ከዚያ ወረደ፤ በ2022 19 ሽንፈት በስሙ ተመዘገበ። ያንን ውል መጥፎ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ አይደለሁም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። የሄደውን ቀንሰን የመጡትን ስንጨምር ፍሬው ከ90 በላይ ሆነ። ልጁ ደስ አላለውም፣ ግን ዝም አለ።

ከዚያ የዓመቱ ውድድር ተጀመረ። በኤፕሪል 2 ሃርፐር የፊሊስን ማልያ ለብሶ ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ። ስታዲየሙ በሙሉ ጮኸበት። ሸርዘር ሁለቴ በስትራይክ አሰናበተው፤ በኋላ ግን ሆም ራን መታ፣ ፊሊስም 8 ለ 2 አሸነፈ። ሰው ሁሉ ያንን ይዞ ቤቱ ገባ። የዚያ ምሽት እውነተኛ ጉዳት ግን ሌላ ነበር፦ የናሽናልሱ ትሬይ ተርነር ኳሷን በዱላው ቀስ አድርጎ ሊነካ ሲሞክር ጣቱ ላይ አረፈችና ጠቋሚ ጣቱ ተሰበረ። ከስድስት ሳምንት በላይ አልተጫወተም። በብርዱ ወራት ስለ ጣት ማን ያስባል? የጨዋታውን መጨረሻ እንዲዘጋ የተገዛው ወርዋሪ ትሬቨር ሮዘንታልም በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎቹ አንድም መቺ ሳያስወጣ ቀረ፤ በጁን ተሰናበተ። በሜይ መጨረሻ፣ ከ50 ጨዋታ በኋላ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ጩኸት ከታክሲዬ የኋላ ወንበር አልጠፋም።

ልጁ ደወለልኝ። "ቡናህ ዋሽቷል" አለኝ።

እናቱ ዘንድ ሄጄ እንደገና ሰፌዱን አወረድን። 90 የተቆላና 72 ጥሬ ፍሬ ቀላቅለን ዓይኑን ጨፍኖ 50 እንዲያነሳ ነገርኩት። መጀመሪያ 31 የተቆላ አነሳ። ሁለተኛ 25። ሦስተኛ 22። ሰፌዱ ያው ሰፌድ ነው፤ እጁ ነው የሚለያየው። 50 ጨዋታ ብዙ ይመስላል እንጂ የቡድንን ልክ ለማወቅ አይበቃም፤ በዚያ ላይ ጣቱ የተሰበረ ሰው ሲጨመር 19 መሆኑ ቡድኑ ሞተ ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ናሽናልስ 74 አሸንፎ 38 ተሸነፈ። ዓመቱን በ93 ድል ጨረሰ። ያስቆጠረው 873፣ የተቆጠረበት 724። የጎደለውንም በውድድሩ መሃል ሞላ፤ በጁላይ መጨረሻ ወርዋሪውን ዳንኤል ሃድሰንን ከቶሮንቶ አመጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዋሽንግተን ታሪክ ነው። ሚልዋኪን፣ ዶጀርስን፣ ሴንት ሉዊስን አልፎ የዋንጫው ፍጻሜ ወርልድ ሲሪስ ደርሶ ከሂውስተን አስትሮስ ጋር ተገናኘ። በኦክቶበር 30 ሰባተኛው ጨዋታ ሂውስተን ላይ ነው። እኔ፣ እህቴና ልጁ ያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነን። በሰባተኛው ኢኒንግ (ዙር) የናሽናልሱ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ ወደ ቀኝ ዳር ሄደች፤ ከመስመሩ ውጭ ትወጣለች ስንል በመስመሩ ላይ የቆመው ምሰሶ መረብ ላይ አረፈች። ሆም ራን። 3 ለ 2። ልጁ የቡና ሲኒ ገለበጠ፤ እህቴ አልተቆጣችም።

ያን ቀን ሸርዘር ከአምስት ኢኒንግ በኋላ ሲወጣ ማን ገባ? ኮርቢን። ሦስት ኢኒንግ ወረወረ፣ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም፣ ድሉ በስሙ ተመዘገበ። የመጨረሻውን ኳስ የወረወረው ሃድሰን ነው። ናሽናልስ 6 ለ 2 አሸነፈ። ዋሽንግተን ከ1924 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤዝቦል ዋንጫ ያነሳችው ያኔ ነው። የኮርቢን ውል መጥፎ ነው ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንን ሌሊት ነው፤ የኋላውን አምስት ዓመት እያወቅኩም ቢሆን ዛሬ እንደገና እፈርምለታለሁ።

ሃርፐር የሄደበት ፊሊስ በዚያው ዓመት 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ።