ግሪን ካርድ ይዘው ጋምቤላ ለሚኖሩ፦ የአሜሪካ ታክስ ይመለከታችኋል?



ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። የአኙዋና የኑዌር ተወላጆች በሚኒሶታና በነብራስካ ከሰፈሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ ከመቶ አምስት ያህል የነበረው ሙስሊምም ከዚህ ጉዞ አልራቀም፤ ዲቪ ብሔርና ሃይማኖት አይመርጥም። አንዳንዱ ሄዶ በዚያው ይቀራል። ሌላው ካርዱን ይቀበልና፣ ሱቁንና ቤተሰቡን ትቶ መኖር ስለማይሆንለት፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። በዓመት አንዴ ደርሶ እየመጣ ካርዱን ለማቆየት ይሞክራል። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምኖረው ጋምቤላ፣ የማገኘው ብር፣ ግብር የምከፍለውም ለክልሉ። አሜሪካ ምን አገባት?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በአብዛኛው የዓለም አገር ቢሆን ኖሮ መልሱ «አያገባትም» ይሆን ነበር። አሜሪካ ግን የምትቆጥረው ሰውዬው የሚያድርበትን አገር ሳይሆን የያዘውን ካርድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ልክ እንደ ዜጋው፣ ከየትም አገር ያገኘውን ገቢ በሙሉ ለአሜሪካ የገቢ ታክስ መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ግዴታው የሚጀምረው በቋሚ ነዋሪነት የአሜሪካን መሬት ከረገጠበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት ጋምቤላ ላይ ያገኘው አይቆጠርም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይቆጠራል።

ግዴታው የሚያበቃበት መንገድም ብዙዎች የሚያስቡት አይደለም። የካርዱ ቀን ቢያልፍበት አያበቃም። ሰውዬው «ከእንግዲህ አልሄድም» ብሎ በልቡ ቢወስንም አያበቃም። ነዋሪነቱን በጽሑፍ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሲመልስ (ፎርም አይ-407 የሚባለው ነው)፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ወይም ፍርድ ቤት ሲሰርዘው ብቻ ነው የሚያበቃው። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር የሁለት ጊዜ ታክስን የሚያስቀር ስምምነት ስላላቸው፣ ዜጎቻቸው «ቤቴ እዚህ ነው» ብለው የሚከራከሩበት በር አላቸው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም።

ማሳወቅ ግን መክፈል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ስለሆነ በምሳሌ እንየው።

እንበልና አንድ ወንድማችን ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው። በግቢው ሁለት ሰርቪስ ቤት ያከራያል። ባለቤቱና ልጆቹ ከእሱ ጋር ናቸው፤ እነሱ ካርድ የላቸውም። የሱቁ የተጣራ ትርፍ በዓመት 8 ሺሕ ዶላር ያህል ይሆናል።

በመጀመሪያ የሚሳሳተው «ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ ፋይል ማድረግ አይጠበቅብኝም» ሲል ነው። አሜሪካ ያለ ዘመዱ ስልክ ደውሎ «እ.ኤ.አ. በ2024 ከ14,600 ዶላር በታች ያገኘ ሰው ፋይል አያደርግም» ይለዋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን ለላጤ ነው። ባለትዳር ሆኖ የትዳር ጓደኛው ካርድ ከሌላት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው «ባለትዳር፣ ለየብቻ» በሚለው መደብ ነው። የዚህ መደብ መነሻ 5 ዶላር ነው። አዎ፣ አምስት ዶላር! በግል ንግድ የሚተዳደር ሰው ደግሞ ላጤም ሆነ ባለትዳር የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ ፋይል ማድረግ አለበት።

ወደ ክፍያው ስንመጣ የገቢ ታክሱ ብዙ ጊዜ ዜሮ ይሆናል። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ውጭ አገር ተሠርቶ የተገኘ ገቢን ከታክስ ውጪ የሚያደርገው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ጣሪያው 130 ሺሕ ዶላር ነበር። ሁለተኛው ለኢትዮጵያ የተከፈለውን ግብር ከአሜሪካው ታክስ ላይ መቀነስ ነው። እንደ ቤት ኪራይ ላለው፣ በሥራ ላልተገኘ ገቢ፣ የሚያገለግለው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። ለጋምቤላ ነዋሪ ሁለተኛው መንገድ ጥሩ ጥላ ነው። በተሻሻለው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር ከ14 ሺሕ ብር በላይ ያለው የደመወዝ ክፍል 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። የአሜሪካው የመጀመሪያ እርከን ግን 10 በመቶ ነው። ስለዚህ እዚህ በአግባቡ የከፈለ ሰው እዚያ የሚተርፍበት ዕዳ ጥቂት ነው፣ ወይም የለም።

የማይቀረው ሌላ ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው ለአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 15.3 በመቶ ይከፍላል። ከላይ ያሉት ሁለቱም መንገዶች ይህን አይነኩትም። ኢትዮጵያና አሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ስለሌላቸውም ከዚህ ነጻ የሚያወጣ ወረቀት የለም። የወንድማችን 8 ሺሕ ዶላር ትርፍ የገቢ ታክሱ ዜሮ ቢሆንም 1,130 ዶላር ገደማ ያስከፍለዋል። ይህ ለጋምቤላ ባለሱቅ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ካርዱን ማቆየት በእርግጥ ይጠቅመኛል ወይ ብሎ ሒሳብ መሥራት ያለበት ሰው ካለ፣ ሒሳቡን እዚህ ቁጥር ላይ ይጀምር። ተቀጣሪ ግን ይለያል፦ ኢትዮጵያዊ ቀጣሪ ዘንድ ደመወዝ የሚበላ ሰው ይህን አይከፍልም። በስደተኞች ካምፕ ውስጥ ለአሜሪካዊ ድርጅት የሚሠራ ከሆነ ግን ድርጅቱ ከደመወዙ ሊቆርጥበት ይገባል።

ከታክስ ውጪ የሚያደርገው የመጀመሪያው መንገድም የራሱ ጠመዝማዛ አለው። ለመጠቀም ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀናት ከአሜሪካ ውጪ መሆን አለበት። ለአሜሪካ ዜጋ የተፈቀደው «ውጭ አገር ቋሚ ኑሮ አለኝ» የሚለው ሌላ መመዘኛ ለእሱ አልተፈቀደም፤ ምክንያቱም ያው የስምምነት አለመኖር ነው። ስለዚህ አሜሪካ መቆየት የሚችለው ከ35 ቀን አይበልጥም። በሌላ በኩል የኢሚግሬሽን ሕጉ ከአንድ ዓመት በላይ አትቅር ይላል። አንደኛው ሕግ «ራቅ»፣ ሌላኛው «ና» ይለዋል፤ ሰውዬው በመሐል ቀን እየቆጠረ ይኖራል። ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ሰው እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ ማመልከቻው ግን አሜሪካ ውስጥ እያለ መግባት አለበት። ጋምቤላ ከደረሱ በኋላ ማሰብ ዘግይቶ ነው።

ታክሱና ካርዱ በጣም የተሳሰሩ ናቸው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ነዋሪነቱን ትቷል ከሚልባቸው ምልክቶች መካከል ውጭ እየኖሩ ታክስ አለማሳወቅን፣ በታክስ ፎርም ላይም ራስን «ነዋሪ ያልሆነ» ብሎ ማስመዝገብን በግልጽ ይጠቅሳል። «የምትኖረው ውጭ ነው፣ ይህ ፎርም ይቀልሃል» ብሎ 1040-ኤንአር የሚሞላ አሠሪ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ፤ የሚያስቀርላችሁ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ የሚያሳጣችሁ ካርዱን ሊሆን ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውም ስለ ታክስ ይጠይቃል። ባለቤቱንና ልጆቹን ሊያመጣ የሚፈልግ አባት በሚሞላው የድጋፍ ቃል ላይ የቅርቡን ዓመት ታክስ ማያያዝ አለበት። ዛሬ ያልተሞላው ወረቀት፣ ነገ የልጆቹ ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ነው የሚፈለገው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሚኒያፖሊስ ባለ ዘመድ አድራሻ «እዚያው እንደሚኖር» ተደርጎ ተሞልቶ ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠውን ተመላሽ ገንዘብ መቀበል ነው። ያ ድጎማ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አሜሪካ ውስጥ መኖርን ይጠይቃል። ውሸት ተጽፎ የተወሰደ ገንዘብ ነው፤ ሐላል ነው ወይ ብሎ መጠየቅም አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ባንክ ደብተሩ። ከአሜሪካ ውጪ ያሉት ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10 ሺሕ ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የሚባል ሪፖርት በኢንተርኔት ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ይላካል። ታክስ አይከፈልበትም። ባለመላኩ ግን፣ ሆን ተብሎ ባይሆን እንኳ፣ ቅጣቱ ከ10 ሺሕ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ከወለድ ነጻ የሆነ ሒሳብም ይቆጠራል፤ ዘምዘም ባንክም ሆነ ሒጅራ፣ ወዲዓም ሆነ ሙዷረባ ልዩነት የለውም። የሙዷረባ ትርፍ ድርሻም ገቢ ሆኖ ይመዘገባል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሪፖርቱ የራስን ገንዘብ ብቻ የሚመለከት አለመሆኑን ነው። በሒሳቡ ላይ የመፈረም ሥልጣን ካላችሁ በቂ ነው። የመስጂድ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ፣ የመድረሳ ግንባታ ሒሳብ ፈራሚ፣ የዕድር ገንዘብ ጠባቂ የሆነ ግሪን ካርድ ያለው ወንድም ያን ሒሳብም ማስታወቅ አለበት። አማናው የጀመዓው ነው፣ ሪፖርቱ ግን የእሱ ነው። ካልተመቸው ፊርማውን ለሌላ ማስተላለፍ ይሻላል፤ ኮሚቴውም ሰው ሲመርጥ ቢያስብበት መልካም ነው።

የብሩ ዋጋም እዚህ ላይ ልዩነት ያመጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 600 ሺሕ ብር ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ከ6 ሺሕ በታች ነው። ስለዚህ አሁን የማይመለከተው ሰው ባለፉት ዓመታት ይመለከተው የነበረ ሊሆን ይችላል።

ዘካን በተመለከተ ጠቅለል ያለ መልስ አለ። ጋምቤላ ላይ ለሚስኪን ጎረቤት የተሰጠ ዘካ ከአሜሪካ ታክስ ላይ አይቀነስም፤ የሚቀነሰው አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ላለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ብቻ ነው። ለሁለት መንግሥት የተከፈለ ታክስም ዘካን አይተካም።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት መኖሪያው እዚህ የሆነ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ የውጭ ገቢውንም ያስታውቃል። ሚኒሶታ ላይ የሚያከራየው ቤት ያለው ሰው ለኢትዮጵያም ይናገራል ማለት ነው፤ እዚያ የከፈለው ይቀነስለታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግል ነጋዴና የግል ቤት ኪራይ ግብር የክልሉ ስለሆነ ደረሰኙ የሚገኘው ከጋምቤላው ገቢዎች ነው። ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ ጠይቁ፣ ቀኑን ከእነ ፈረንጅ አቆጣጠሩ ጻፉበት። የእኛ የግብር ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣ የእነሱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለሆነ፣ ደረሰኝ የሌለው ሰው ሒሳቡ በሁለቱ መካከል ይጠፋበታል።

ውጭ የሚኖር ሰው ያለ ማመልከቻ እስከ ጁን 15 ጊዜ አለው፤ የሚከፈል ካለ ግን ወለዱ ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ይቆጠራል። የኤፍባሩ መጨረሻ ኦክቶበር 15 ነው።

ዓመታት ያሳለፈ ሰውስ? ሳያውቅ የቀረ ከሆነ አይ አር ኤስ የከፈተው መግቢያ አለ። የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት ኤፍባር አንድ ላይ ይቀርባል፤ ያልታወቀበትን ምክንያት በሐቅ የሚገልጽ ጽሑፍም ይያያዛል። ከሦስቱ ዓመታት ቢያንስ በአንዱ 330 ቀን ከአሜሪካ ውጪ የነበረና እዚያ ቤት የሌለው ሰው ቅጣት አይጣልበትም፤ የሚከፍለው ያለበትን ታክስና ወለዱን ብቻ ነው። በሩ ክፍት የሚሆነው ግን መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ምርመራ ካልጀመረበት ነው። ካርዱን ሊመልስ ያሰበም ይህን አስቀድሞ ያጽዳ፤ ካለፉት 15 ዓመታት በስምንቱ ካርዱን የያዘ ሰው ሲመልስ ሌላ፣ ከበድ ያለ የመውጫ ሒሳብ ስለሚጠብቀው ስምንተኛው ዓመት ሳይገባ መወሰን ይኖርበታል።