ኖታ ንባብ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ኖታ የሚጀምር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰለቸው ጣቱ አልታዘዝ ስላለው ሳይሆን ዓይኑ ስለሚዘገይበት ነው። ለመዘግየቱ ደግሞ ወላጅም አስተማሪም በቅንነት የሚለግሷቸው ምክሮች ድርሻ አላቸው። አራቱን እንያቸው።

ተረት 1፦ የመስመሮቹን ስም በቅደም ተከተል የሸመደደ ልጅ ቶሎ ያነባል።

እውነቱ፦ በትሬብል ክሌፍ አምስቱ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ናቸው። ይህን ብቻ የያዘ ልጅ አራተኛው መስመር ላይ ያለ ኖታ ሲገጥመው ከታች ተነሥቶ «ሚ፣ ሶል፣ ሲ…» እያለ ይቆጥራል፤ ሬ ላይ እስኪደርስ ምቱ አልፏል። የኔታዎች ይህን ጣጣ ከጥንት ያውቁታል፤ ሀሁን በቃሉ የሚያንበለብለው ልጅ ፊደሉን በእርግጥ መለየቱን ለማየት ቅደም ተከተሉን አፋልሰው አቡጊዳ ያስቆጥሩታል። ለኖታም የሚበጀው ሳይቆጥሩ የሚለዩ ጥቂት መነሻዎችን መያዝ ነው፦ የትሬብል ክሌፍ ጥምዝ የሚከበው ሁለተኛው መስመር ሶል ነው፤ በቤዝ ክሌፍ ሁለት ነጥቦች መሐል የሚያልፈው መስመር ፋ ነው፤ በትሬብልና በቤዝ ክሌፍ መስመሮች መካከል ባለች አጭር መስመር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የመሐል ዶ ነው።

ተረት 2፦ ፈጣን ንባብ ማለት የየኖታውን ስም ፈጥኖ መጥራት ነው።

እውነቱ፦ ጎበዝ አንባቢ የሚያየው ርቀትንና አቅጣጫን ነው። ከመስመር ወደ አጠገቡ ክፍተት ከሄደ አንድ እርምጃ ነው፤ ከመስመር ወደ ቀጣዩ መስመር ከሄደ አንድ ኖታ ተዘሏል። ሶል፣ ሲ፣ ሬ በተከታታይ ሦስት መስመሮች ላይ ሲመጡ የፒያኖ ተማሪው ሦስት ስም መጥራት አያሻውም። የቀኝ አውራ ጣቱን ሶል ላይ ካሳረፈ የመሐል ጣቱና ትንሿ ጣቱ የቀሩት ሁለቱ ላይ ናቸው።

ተረት 3፦ ከኖታው ሥር ስሙን በእርሳስ መጻፍ ለጀማሪ ያቀልለታል።

እውነቱ፦ ለዛሬ ያቀልላል፣ ለነገ ያከብዳል። ዓይን የሚያውቀውን ይመርጣልና ልጁ ፊደሉን እያነበበ ኖታውን ሳያየው ያልፋል። መጻፍ የግድ ከሆነ የመነሻውን ኖታ ብቻ ይጻፉለት፤ የቀረውን በርቀቱ ይድረስበት።

ተረት 4፦ ኖታ የለመደ ልጅ ጆሮው ይሰንፋል።

እውነቱ፦ ዓይንና ጆሮ አብረው ሲሠለጥኑ ይረዳዳሉ። በ11ኛው መቶ ዘመን በጣሊያኗ አሬዞ ዘማሪ ልጆችን ያስተማረው መነኩሴ ጊዶ፣ ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከጽሑፍ እንዲያዜሙ ያበቃቸው መስመሮቹን ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ከሚሉ ድምፆች ጋር አጣምሮ ነበር። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ደቀ መዝሙርም ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት የመሳሰሉትን ምልክቶች በዓይኑ ይከተላል፤ ዜማውን ግን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ስለዚህ ልጁ መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት ያየውን በዶ ሬ ሚ ያዚም።

ለቤት ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ረጅም ጥናት በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይሻላል። ከደረጃው ዝቅ ያለ አዲስ ቁራጭ ይሰጠው፤ በዝግታ ይጀምር፤ ቢሳሳትም ምቱን ሳያቋርጥ ይጨርስ። በማግስቱ ሌላ ይቀየርለት። የትናንቱን ከደገመው ግን ማንበቡ ቀርቶ ማስታወስ ሆኗል።