ቤንዚን ተወደደ፣ ባቡሩ ጦር ኃይሎች ላይ ቀረ

በየማለዳው መርካቶ ሱቁን ሊከፍት ከአየር ጤና መኪናውን የሚያስነሳ ነጋዴ፣ እስከ ሰኔ 2014 ዓ.ም ማብቂያ ድረስ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 36 ብር ከ87 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ሰኔ 29 ቀን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጭማሪው አልቆመም። በሳምንት 40 ሊትር ለሚያቃጥል መኪና በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ1,475 ብር ወደ 4,059 ብር ማለት ነው። የሱቁ ትርፍስ በዚያው ልክ አድጓል? ነጋዴው ራሱ ይመልስ።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ግብር በመቶኛ ሲጣልበትም ብር በወደቀ ቁጥር ግብሩ አብሮ ይወጣል። ድጎማ እንግዲህ የግብር ተገላቢጦሽ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አብዝቶ የተጠቀመበትም አብዝቶ የሚያቃጥለው ባለመኪና ነበር።

ለሕዝብ ማመላለሻ ግን የታለመ ድጎማ ተባለና ልዩነቱ በቴሌብር እንዲታሰብ ተደረገ። ዓላማው ታሪፉ ባንድ ጊዜ እንዳይንር ነው። ታሪፉ የሚወጣው በርቀት ስለሆነ ግን ሾፌሩ መላ አለው። ከአየር ጤና መርካቶ የሚሄደውን ተሳፋሪ ጦር ኃይሎች ላይ ያወርደዋል፤ ተሳፋሪው ሌላ ታክሲ ይዞ እንደገና ይከፍላል። ታሪፉ ሳይነካ ዋጋው ጨመረ። ወረፋ ላይ የባከነውን ሰዓት የሚቆጥረውም የለም።

ቤንዚን የማይጠጣው ባቡርስ? መስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው፣ 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። አየር ጤና፣ ዓለም ባንክና ቤተል ከሐዲዱ ወዲያ ቀርተዋል። መለዋወጫ ጠፍቶ በርካታ ባቡሮች ከሥራ የወጡበትም ጊዜ ነበር።

በኮልፌ አጠና ተራ የሚታየው የናፍጣው ጉዳይ ነው። ናፍጣ ከሰኔ 2014 እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ከ49 ብር ከ2 ሳንቲም ወደ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ወጥቷል። አጠና ዋጋው ትንሽ፣ ቦታ የሚይዘው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የአይሱዙ ጭነት ሒሳብ ከዕቃው ዋጋ ሰፊውን ድርሻ ይወስዳል። ኮንትራክተሩ መወጣጫ ሲያሠራ የሚገዛው እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ናፍጣውንም ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል ገንዘብ ያለው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አማተረ። የሱቅ ሠራተኛው ግን ያው ታክሲ ጠባቂ ነው። ዓለም ባንክ በኩል ርካሽ ሱቅ የሚፈልግ ባለሀብት ከኪራዩ ሌላ፣ ሠራተኛው ስንት ታክሲ ቀይሮ እንደሚደርስና ጠዋት በስንት ሰዓት በሩ እንደሚከፈት ቢያሰላ ይሻለዋል።