ወለጋ በ1928 የጻፋቸው ሁለት ወረቀቶች

ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት በ1928 ዓ.ም. ከወለጋ ሁለት ወረቀቶች ወጡ። በአንደኛው የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በነቀምቴው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር መሪነት የእንግሊዝን ሞግዚትነት ጠየቁ። ልመናው ያለፈው በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ነው። ሁለተኛው በነቀምቴ የተመሠረተው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ባለ አሥር ነጥብ ደንብ ነው። በዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ የተመራው ይህ ማኅበር ጦሩ ለሲቪሉ አመራር እንዲገዛ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ፣ አባላቱም ከአገር እንዳይሰደዱ ደነገገ። ሰኔ 19 ሌሊት ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶች ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ። ባላባቶቹን ለማግባባት የመጣው ጄኔራል ማሊዮኮ እዚያው ሞተ።

አንደኛውን ወረቀት ክህደት፣ ሁለተኛውን አርበኝነት ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሌላው ወገን ደግሞ ልመናውን የነጻነት ጥያቄ፣ ደንቡን የነፍጠኛ ጉዳይ ይለዋል። ሁለቱም ፍርድ ሰዎቹን ሳያይ የተሰጠ ነው።

የሀብተ ማርያም አያት ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ የገቡት በንጉሡ የጦር አዛዥ በጎበና ዳጬ ዘመን ነው። ግብር ከፈሉ፣ ግዛታቸውን ይዘው ቀሩ። ልጃቸው ኩምሳ ክርስትና ተነስተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። የቤተ መንግሥታቸውን የአማርኛ ደብዳቤዎች የታሪክ ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ ሰብስበው አሳትመዋቸዋል። የወርቅ ግብር፣ የድንበር ክርክር፣ አቤቱታ ነው የሚበዛው። አገርን ማመን በወለጋ የጀመረው እንዲህ ባለ ውል ነው። በ1920ዎቹ ማዕከላዊው መንግሥት የባላባቱን ሥልጣን እየሸራረፈ ሲሄድ ውሉም ላላ፤ ልመናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ውሉ ግን የገበሬው አልነበረም። ከነቀምቴ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አርጆ በንጉሡ ዘመን የአውራጃ ከተማ ነበረች። አማርኛ የማያውቅ የአርጆ ገበሬ በመሬት ሲከሰስ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚ ይቆም ነበር። በአባቱ ርስት ላይ የተናገረውን ሌላ ሰው አሳጥሮ ለዳኛው ያደርስለት ነበር፤ ፍርዱም በዚያው አፍ ተመልሶ ይነገረው ነበር። እዚያ ችሎት ቆሞ የወጣ ሰው ስለ አገሩ ያለውን ስሜት ሰንደቅ አላማ ብቻ አይሠራውም።

ሌላ መንገድ ግን ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበትን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በ1891 አሳተመ፤ በ1896 ነቀምቴ ገብቶ በኦሮምኛ ማስተማር ጀመረ። ካህናት ከሰሱት፣ ምኒልክ እንዲኖር ፈቀዱለት እንጂ እንዲሰብክ አልፈቀዱለትም። ፊደሉና ቋንቋው በአንድ ሰሌዳ ላይ የተገናኙት ያኔ ነው። መንግሥት ያን ትምህርት ቤት አስፋፍቶት ቢሆን ኖሮ፣ በ1984 ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል ለኦሮምኛ ሲመጣ አማርኛና ኦሮምኛ እንደ ባላንጣ ባልተያዩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ እንደ ባዕድ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው። በ1977 ድርቅ ከወሎ ወደ ወለጋ የሰፈሩት ገበሬዎች ልጆች እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ «ሰፋሪ» መባላቸው አልቀረም። ሰኔ 2014 ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ አማሮች በጅምላ ተገደሉ። የኦሮሞ ገበሬም በዚያው አካባቢ በመንግሥት ጦርና በታጣቂ መካከል ገብቶ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ልጁ ተገድሏል። ሁለቱም «በገዛ አገሬ ማነው የሚጠብቀኝ?» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄያቸው አንድ ነው።

ይህ መለያየት በወረቀትም ይጻፍ ነበር፤ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ለብዙ ዓመታት «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። ስምና ዕድሜ ከተሞላ በኋላ ጸሐፊው ቀና ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ አባትህ ኦሮሞ፣ እናትህ አማራ ብትሆንም የሚጻፈው አንድ ቃል ነበር። ብሔራዊው የፋይዳ መታወቂያ ያን መስመር አይጠይቅም። ጥሩ ጅምር ነው፤ ችሎቱ፣ ትምህርት ቤቱና ፖሊሱ ግን ካልተከተሉት ሰው ወደ መስመሩ ይመለሳል።

የነቀምቴው የወለጋ ሙዚየም ሁለቱን የ1928 ወረቀቶች ጎን ለጎን እንዲያሳይ፣ የአርጆና የነቀምቴ መምህራንም አንዱን ሳይደብቁ በአማርኛም በኦሮምኛም እንዲያስተምሯቸው እጠይቃለሁ።