ሙቀቱ የቱ ጋ ታገደ?

ቪዲዮ እየተቀናበረ ወይም ዙም ላይ ስብሰባው ደርቶ ሳለ ላፕቶፑ ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ወዲያው ሲያበሩት እንቢ ይላል፤ ወይም ይነሳና ዊንዶውስ ሳይገባ መልሶ ይጠፋል። ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ግን ምንም እንዳልነካው ይሠራል። ጥገና ቤት ሲወስዱት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የመጀመሪያ ሐሳብ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ባክአፕ ያልተያዘለት ፎቶና ሰነድ አብሮ ይሄዳል፣ ላፕቶፑም በሳምንቱ ያንኑ ይደግማል። የታመመው ሌላ፣ የታከመው ሌላ።

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። የቢሮ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ ለ15 ዋት አካባቢ፣ የጌም ላፕቶፕ ደግሞ ለ45 ዋትና ከዚያ በላይ ተብሎ ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚፈልቀው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይተልቅ የሲሊከን ቁራጭ ነው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ «ላፕቶፔ ተንቀራፈፈብኝ» የሚለው አቤቱታ አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። ቀንሶም ካልበረደለት ኃይሉ በቀጥታ እንዲቋረጥ ያደርጋል። ዊንዶውስን አስፈቅዶ አይደለም፤ መልእክት የማይታየውም ለዚህ ነው። ኋላ የዊንዶውስን መዝገብ ማሳያ ኢቨንት ቪወርን ቢከፍቱ የሚያገኙት ከርነል ፓወር 41 የሚል መዝገብ ነው፤ እሱም ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ከፕሮሰሰሩ እስከ ውጭው አየር ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው። መጀመሪያ ተርማል ፔስት የሚባል ስስ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት አለ፤ በላዩ የመዳብ ሳህን ተጭኗል፤ ከሳህኑ ሂት ፓይፕ የሚባል ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ይነሳና ስስ የብረት ቅጠሎች ወደተደረደሩበት ትንሽ ራዲያተር ይደርሳል፤ እዚያ ፋኑ አየር ያሳልፍበታል። ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ቱቦው ነው። ሲያዩት ድፍን መዳብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አየሩ ወጥቶ ጥቂት ውኃ ተጨምሮበታል። አየር ስለሌለ ውኃው ገና በዝቅተኛ ሙቀት ይተንና ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል፤ ድስት ክዳን ላይ እንደሚያዥ እንፋሎት እዚያ ወደ ውኃነት ይመለሳል፤ ከዚያም ከቱቦው ግድግዳ ጋር በተጣበቀው የመዳብ ዱቄት ተስቦ ወደ ሙቁ ጫፍ ይመጣል። ሞተር የለው፣ ድምፅ የለው። የዚህ ዓይነት ሐሳብ አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ በፓተንት ተመዝግቦ ነበር፤ ያኔ ግን ማንም ልብ አላለውም። ሂት ፓይፕ የሚለውን ስም ያገኘውና የታወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ጆርጅ ግሮቨር እንደገና ሲሠሩት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ሙቀቱ በዚህ መንገድ የቱ ጋ ታገደ የሚለው ነው። ለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት እጅ ይበቃል። ላፕቶፑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከባድ ሥራ ይስጡትና መዳፍዎን አየር በሚወጣበት በኩል ያስጠጉ። ፋኑ እየጮኸ የሚወጣው አየር ትንፋሽ ያህል ብቻ ከሆነና የሚያቃጥል ከሆነ አቧራ ዘግቶታል። ድምፅም አየርም ከሌለ ፋኑ ሞቷል ወይም ገመዱ ተነቅሏል። አየሩ በኃይል እየወጣ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሆዱ ግን አላስነካ ካለ፣ ሙቀቱ ራዲያተሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ፔስቱ ወይም ወደ ቱቦው ይዞራል። ቻርጀር ሲነቀል ብቻ የሚጠፋ ላፕቶፕ ግን ነገሩ የባትሪ ነው፤ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾች ላፕቶፓቸው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታና እስከ 35 ዲግሪ የክፍል ሙቀት እንዲሠራ ነው የሚያዘጋጁት። የሸገር ብርድ የሳሳውን አየር ያካክሳል። በሙቀቱ ወራት ሰመራ ላይ ግን፣ ወይም ሪያድ ኤሲ በሌለበት ክፍል፣ ገና ሳይከፈት ወሰኑ ታልፏል። አልጋ ላይ ጋቢ ውስጥ ቀብሮ ፊልም ማየት ደግሞ የትም አገር ያው ነው፤ የአብዛኛው ላፕቶፕ አየር መሳቢያ ከሆዱ ሥር ነው።

መንገዱን የዘጋው አቧራ ከሆነ ላፕቶፑ ይከፈታል። ኃይሉ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ የታችኛው ክዳን ብሎኖች በየቦታቸው ተለይተው ይቀመጣሉ (ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያሰረ ማዘርቦርድ ይበሳል)። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ወይም ታችፓዱን ከገፋ እዚያው ያቁሙ፤ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ አይጫኑትም፣ አይወጉትም፣ ለባለሙያ ይሰጣል። ደህና ከሆነ የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ። አሁን ፋኑን ብቻ አይተው «ንጹሕ ነው» እንዳይሉ፤ ጉዱ ያለው በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ነው። ፋኑ ሲነሳ ከቅጠሎቹ ፊት ፀጉርና የልብስ ብናኝ የተጋገረበት ግራጫ ንጣፍ ይገኛል፤ በጣት ቆንጥጠው ሲስቡት አንድ ላይ ተላቅቆ ይመጣል። በብሎወር ሲነፋ ክንፎቹ እንዳይዞሩ በጣት መያዝ አለባቸው፤ ከልክ በላይ የዞረ ፋን ማዞሪያው ይጎዳል።

ፔስቱ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። ለመቀየር የመዳቡን ሳህን ብሎኖች በየተራ ጥቂት በጥቂት ማላላት ነው። አሮጌው በአልኮል ይጠረጋል፣ ከአዲሱ አተር የምታክል ትበቃለች። ፔስት ሲበዛ ይበልጥ ያቀዘቅዛል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጥቅሙ ግን በሁለቱ ገጾች መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው።

ሥራ አስቸኩሎ መክፈት ለማይቻልበት ቀን በዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቱርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ያጠፋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም አብሮ። ተጠርጎ፣ ፔስቱ ተቀይሮ፣ ፋኑ እየዞረ አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ቱቦው ይቀራል። ላፕቶፑ እየሠራ አንደኛው ጫፍ የሚፈጅ፣ ራዲያተሩ ጋ ያለው ደግሞ ቀዝቃዛ ከሆነ ውኃው አልቋል ማለት ነው። እሱ አይሞላም፣ አይበየድም፤ ከነሳህኑና ከነራዲያተሩ በሞዴሉ ቁጥር ተፈልጎ ይቀየራል።