ውሻው ከደጅ፣ ድመቷ ከምድጃ

ጉለሌ ውስጥ ውሻና ድመት እኩል የቤት ልጅ አይደሉም። ድመቷ ሳሎን ገብታ ሶፋው ላይ ብትጠቀለል የሚቆጣት ብዙ የለም። ውሻው ግን የበሩን ደፍ በአንድ እግሩ ከረገጠ መጥረጊያ ይነሳበታል። ለክርስቲያኑ ውሻ ቤተ ክርስቲያን የማይገባ እንስሳ ነው፤ ጸበል የሚቀመጥበት፣ ማኅበር የሚጠጣበት ቤትም በዚያው ልማድ ይጠበቃል። ሙስሊሙም የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ማጥራት ይኖርበታል፤ ድመት ግን ከዚህ ነጻ ናት። ስለዚህ በዚህ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ለሰውም ለእንስሳም የሚመች ቤት ላሰናዳ የሚል ሰው ምንጣፍና ቀለም ከመምረጡ በፊት ደፉን ይይ። እንስሳው ከደፉ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ቀሪው ሥራ ሁሉ ከዚህ መልስ ይነሳል።

ከእንስሳ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር እንኳ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። የገበሬ ቤት ሲሠራ ለሰው መደብ፣ ለዶሮ ቆጥ፣ ለከብት ጋጣ ከመጀመሪያው ታስቦ ነው። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እዚሁ ጉለሌ ካለው ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የብዙዎቹ አባቶች የመጡበት አገር፣ የዶርዜ ቤት ነው። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተሸምኖ ይቆማል፤ ከፊቱ ወጣ ያለው መግቢያው የዝሆን ኩምቢ ያስመስለዋል። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ እንዳለ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል።

ከውስጥ አንዱ ወገን በቀርከሃ ተከልሎ ለከብቶች ይተዋል። ዶርዜ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። አንዲት ላም ተኝታ ስታመሰኳ ከሰውነቷ የሚወጣው ሙቀት በመቶዎች በሚቆጠር ዋት ይለካል፤ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ፣ ቆጣሪ የማያዞር ማሞቂያ ነው። የምድጃው ጭስ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቃል። በውድ ወረቀት የሚታተሙ የቤት ማስዋቢያ መጽሔቶችን ሳገላብጥ ይህን ያህል የተጣጣመ ንድፍ አላየሁም።

ጉለሌም የእንጦጦ ግርጌ ነውና ብርዱ አይናቅም። ከላሟ ይልቅ ግን እዚህ ምድጃ ዳር የምትገኘው ድመቷ ናት፤ እሷም የገባችው በሥራ ነው። በድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች ከቆርቆሮው በታች የሚወጠረው የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ የአይጥ ሰፈር ነው። ድመቷ ለአይጥ መጣች፣ ከዚያ ለሙቀት ቀረች፣ አሁን ለፍቅር ትኖራለች። ጸቡ የሚጀምረው ሥራዋ ሲቀንስና ቡፌው ላይ መውጣት ስትጀምር ነው።

ድመት ትንሽ አዳኝ ናት፤ በትልልቆቹ ደግሞ ትታደናለች። ሁሉን ከላይ ማየት የሚያረጋጋት ለዚህ ነው። የቡፌው አናት ላይ ወጥታ ብርጭቆ ብትሰብር ሌላ ከፍታ ስላልተሰጣት ነው። የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አንድ ጣውላ ቢመታላት ቡፌው ይተርፋል። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝምና ጣውላው ከማገሩ ወይም ከቋሚው ጋር ይያያዝ።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? ሶፋ መቧጠጧም አመል ነው። ስትቧጥጥ ያረጀውን የጥፍር ልባስ ታረግፋለች፣ ጡንቻዋን ትዘረጋለች፣ በመዳፏ ካሉ ዕጢዎች በሚወጣ ሽታም ቦታው የእሷ መሆኑን ትፈርምበታለች። ይህን በዱላ ማስቆም አይቻልም፤ ቦታውን መቀየር ግን ይቻላል። ውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ምሰሶ በቃጫ ገመድ የተጠመጠመ እንጨት እንጂ ሌላ አይደለም። ጉለሌ ውስጥ ደግሞ የባሕር ዛፍ አጣናም የቃጫ ገመድም ሞልቷል። ወፍራም አጣና ቆርጦ፣ ግርጌውን ባልዲ ውስጥ በሲሚንቶ ማቆምና ቃጫውን ጠበቅ አድርጎ መጠምጠም ነው። ቁመቱ ድመቷ ተንጠራርታ የማትጨርሰው፣ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ጓሮ ከተጣለ ግን ዋጋ የለውም፤ የምትፈርመው ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ነውና ከሶፋው ጎን ይቁም።

መጸዳጃዋም ቀላል ነው። የቤት ድመት ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት የወረደች ስለሆነች አሸዋ ካገኘች ቆፍራ ትቀብራለች። ዝቅ ያለ ሳፋ አሸዋ ተሞልቶ ከምግቧ ርቆ ይቀመጥላት። በየቀኑ መጠረጉ ለሽታ ብቻ አይደለም። በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ሰውን ለመያዝ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ያስፈልገዋል፤ ቶሎ ከተጣለ ጊዜ አያገኝም። ነፍሰ ጡር ካለች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጥ።

በሸማኔ ቤት አንድ ነገር ይጨመራል። ሳሎኑ መሥሪያ ቤትም ስለሆነ ድርና ማጉ፣ ቀሰሙና ልቃቂቱ መሬት ለመሬት ነው፤ ለድመት ከዚህ የተሻለ መጫወቻ የለም። የድመት ምላስ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርስ መሳይ እሾሆች ስላሉት አፏ የገባ ክር በቀላሉ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ክሩ ምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ወይም ሆዷ ውስጥ ተይዞ ከቀረ አንጀቷን ይሰበስበዋል፣ ሊቆርጠውም ይችላል፤ ያለ ቀዶ ጥገና የምትድነው ጥቂቷ ናት። ክሩ ማታ ማታ ክዳን ባለው ሙዳይ ወይም ሳጥን ይግባ። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ከታየም መጎተት አይገባም፤ ሐኪም ዘንድ ነው።

የቡናው ሥርዓት ወለል ላይ መሆኑም ለእንስሳ አልታሰበም። ረከቦቱ፣ ከሰሉና ጀበናው ሁሉ ጅራት በሚደርስበት ከፍታ ላይ ናቸው። ረከቦቱን ከመተላለፊያው አውጥቶ ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት ጥግ ማድረግ ከሁለቱ ጎን ያድነዋል። መስኮት መክፈቱ ለሰውም ነው፤ የከሰል ጋዝ ሰውም እንስሳም ይገድላል፣ ድመቷ ደግሞ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ጥቀርሻ በኋላ ልሳ ትውጠዋለች። የወጥ ትራፊ ነገርስ? ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ያለ እነሱ አይቆምም። ለእነሱ የሚሆነው ሥጋ ሽንኩርቱ ሳይገባ በፊት ተቀንሶ በራሱ ድስት ይቀቀል።

አሁን ከደፉ ወዲያ እንውጣ። የእንጦጦ ጅብ ሌሊት እስከ ሰፈር ይወርዳል፤ ከውሻ የሚጠበቀው ሌባ እንዲያይ ቢሆንም ራሱም የጅብ ምግብ ነው። በሰንሰለት ታስሮ ያደረ ውሻ መሸሽም መታገልም አይችልምና አጥሩ ጠንካራ ከሆነ ማታ ይፈታ። የውሻው ቤት ሁለት ረድፍ ብሎኬት ላይ ከፍ ይበል፤ የሐምሌ ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ ግቢ ለግቢ ያልፋል። መግቢያው ከነፋስ ይዙር። ስፋቱ ውሻው ቆሞ የሚዞርበት ያህል ብቻ ይሁን፤ የሚያሞቀው የራሱ ገላ ስለሆነ ሰፊ ቤት ለእሱ ቀዝቃዛ ቤት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትንም ከቤት አሠራር ለይቼ አላየውም። ፓስተር የሚባለው የጉለሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን ቦታው ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተነከሰ ልጅ የሰጠው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነበር። እዚህ ግቢ ውስጥም ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጀው አሮጌው ክትባት ለብዙ ዓመታት ተመርቷል፤ ተነክሰው ሆዳቸው ላይ በየቀኑ መርፌ የተወጉ የአዲስ አበባ ሰዎች አይረሱትም። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ንክሻው ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ነው። ውሻውም ድመቷም በየጊዜው ከተከተቡ፣ አጥሩም ቀዳዳ ከሌለው፣ ልጆች ያለ ስጋት ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ።

ግቢ የሌለው ግን ምን ያድርግ? ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ንድፍ አውጪዎቹ የበዓሉን በግ አልረሱትም፤ ከሕንፃዎቹ አጠገብ ማረጃ፣ እንጀራ መጋገሪያና ልብስ ማጠቢያ የሚሆን ኮሙናል የሚባል ቤት ሠርተዋል። ለሁለት ቀን እንግዳ ቦታ ተገኘ፣ ለዓመታት ነዋሪው አልተገኘም። ድመት በዚህ አትጎዳም፤ ጣውላዋ፣ አጣናዋና ሳፋዋ ስቱዲዮ ውስጥም ይገባሉ። ከላይኛው ፎቅ እንዳትወድቅ የበረንዳው ብረት በወንፊት ሽቦ ይሸፈን እንጂ።

ውሻ ሲሆን ሐሳቤ ይለያል። ትንሽ ውሻ፣ ባለቤቱ ጠዋትና ማታ ደረጃ የሚወርድለት ከሆነ፣ ከደፉ ወዲህ መኖር ይችላል፤ የማይመለከተው ጎረቤት እንዳይቸገር ምኝታው ከጋራ ግድግዳው ይራቅ፣ ሴራሚኩም ያንሸራትተዋልና በሚመላለስበት መንገድ ምንጣፍ ይነጠፍለት። ለዘበኝነት ተብሎ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የሚታሰረው ትልቁ ውሻ ግን የሚጠብቀው የለም፤ ሌባ በበረንዳ አይመጣም። ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ላይ ይጮኻል፣ ሽንቱ ከታች በተሰጣው ልብስ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ያን ውሻ ግቢ ላለው ዘመድ ሰጥቶ ለበሩ ጥሩ ቁልፍ መግዛት ይሻላል።