«ሙያ የላትም» የተባለችው እናት፦ ኤዲኤችዲ ያለባት ሴት ቤቷን እንዴት ትምራ?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ታካሚዬ ነው። የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ስታነቡት «ይቺማ እኔ ነኝ» ወይም «ይቺማ ሚስቴ ናት» የምትሉ አትጠፉም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መጀመሪያ ስትመጣ የነገረችኝ ስለ ራስ ምታትና ስለ እንቅልፍ ማጣት ነበር። 35 ዓመቷ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ቢሮ ትሠራለች። «ዶክተርዬ፣ የምረሳው ነገር በዛ፤ እስቲ ለጭንቅላት የሚሆን ቫይታሚን ካለ እዘዢልኝ» አለችኝ። ግፊቷን ለካሁ፣ የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ አዘዝኩ፤ ውጤቱ ደህና ነበር። ማስታገሻ ሰጥቼ «ጭንቀት ቀንሺ፣ በደንብ ተኚ» ብዬ ሸኘኋት። አሁን ሳስበው ያ ምክር ለእሷ ምንም አልጠቀማትም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ እኔም ትክክለኛውን ጥያቄ አልጠየቅኳትም።

ከሁለት ወር በኋላ የ8 ዓመት ልጇን ይዛ ተመለሰች። መምህርቱ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ክፍል ውስጥ ሐሳቡ ይሄዳል፣ ዕቃ ይጥላል፣ የጀመረውን አይጨርስም» ብላ ጽፋለች። እናትየው ይህን ስታነብልኝ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይሄ እኮ ስለ እኔ የተጻፈ ነው» አለች።

ያን ቀን ቁጭ ብለን አወራን።

👉 ምጣዱ

ልጅ ሆና መምህራኖቿ «ጎበዝ ናት፣ ግን ልቧ እዚህ የለም» ይሏት ነበር። እናቷ ጠዋት እየቀሰቀሰች፣ ቦርሳዋን እያዘጋጀች አሳደገቻት። ዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኞቿ ስለ ፈተና ያስታውሷት ነበር። ካገባች በኋላ ደግሞ ለ6 ዓመት አብራት የኖረች ሠራተኛ ቤቱን ቀጥ አድርጋ ይዛላት ነበር። ሠራተኛዋ አግብታ ስትሄድ ቤቱ ተናጋ።

ሊጥ ታቦካለች፤ አብሲት መጣል ትረሳና ሆምጥጦ ይደፋል። ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ሳትሞላ ታድራለች። የመብራት ካርድ ሳይሞላ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ይጨልማል። ልጇ ከትምህርት ቤት የሚወጣው 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ እሷ «ይቺን ብቻ ልጨርስና» ስትል 10 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። አማቷ ለጎረቤት ሲያወሩ በጆሮዋ ሰምታለች፦ «ደግ ልጅ ናት፣ ግን ሙያ የላትም።»

ይሄን ሁሉ ችላው ነበር። የሰበራት ሌላ ነው። አንድ ቅዳሜ እንጀራ እየጋገረች መብራት ሄደ። ምጣዱን ከሶኬት ሳትነቅል ልጆቿን ይዛ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ወጣች። መብራት ሲመለስ ምጣዱ ላይ የተወችው ማሰሻ ተያያዘ። ጭሱን ያየ የግቢው ተከራይ ባይደርስ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ማንም አልተጎዳም። ባለቤቷ ግን ማታ «አንቺ ምንም ግድ የለሽም። ከእንግዲህ ልጆቼን ላንቺ ትቼ መውጣት እፈራለሁ» አላት።

«ዶክተርዬ፣ ልጆቼን ከነፍሴ በላይ ነው የምወዳቸው» አለችኝ። «ግን እሱ ያለው እውነት ቢሆንስ?»

እውነት አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ላስረዳችሁ።

👉 ኤዲኤችዲ ምንድን ነው?

በአማርኛ «የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ ቅብጥብጥነት» እንለዋለን። ቀድሞ ኤዲዲ ይባል ነበር፤ አሁንም ብዙ ሰው በዚያ ስም ይጠራዋል። ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት የሚጀምር ችግር ነው። ከ100 አዋቂዎች ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል። በዘር የመተላለፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ለዚህም ነው ብዙ እናቶች የራሳቸውን ችግር የሚያውቁት ልጃቸውን ሊያስመረምሩ ሲመጡ የሆነው።

ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ትኩረት ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ ትኩረትን በፈለጉት ጊዜ፣ በፈለጉት ቦታ ማድረግ ያቅታል ማለት ነው። ታካሚዬ የምትወደው ሥራ ላይ ከሆነች ሦስት ሰዓት ሳትነሳ ትሠራለች። ሰው ይሄን ያይና «ስትፈልጊማ ትችያለሽ» ይላታል። ችግሩ ግን ከፍላጎት አይደለም። በተለይ ሦስት ነገሮች ይከብዳሉ፦

▪️ በእጅ ያለን ሐሳብ መያዝ። ምጣዱን ልትነቅል ስትነሳ ልጇ «እማዬ!» ካላት የምጣዱ ነገር ከጭንቅላቷ ይወጣል።
▪️ ጊዜን መገመት። አሥር ደቂቃም አንድ ሰዓትም ተመሳሳይ ሆኖ ይሰማታል።
▪️ መጀመር። በተለይ አሰልቺና ማለቂያ የሌለውን ሥራ።

እስቲ አሁን የቤት ሥራን አስቡት። አለቃ የለውም፣ የማስረከቢያ ቀን የለውም፣ ዛሬ ያጠብሽው ሳህን ነገም ይቆሽሻል፣ በየመሃሉ የሚጠራሽ ሰው አለ፣ የሚታየውም ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ነው። ኤዲኤችዲ ያለበትን ሰው ለማስቸገር ተብሎ የተፈጠረ ነው የሚመስለው! ቢሮ ውስጥ ጎበዝ የተባለች ሴት ቤቷ ስትገባ የሚደባለቅባት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

👉 ሴቶች ላይ ለምን ይዘገያል?

ወንድ ልጅ ወንበር ላይ ሲዘል መምህሩ ያየዋል። መስኮት ዳር ተቀምጣ በሐሳብ የምትሄደውን ልጅ ግን ማንም አይረብሻትም፤ «ጨዋ ናት» ትባላለች። ስታድግ ደግሞ ጉድለቷን መሸፈን ትማራለች፤ ሌሊት ተነስታ ትሠራለች፣ አሥር ጊዜ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል ዝርክርኩን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ትቆልፋለች። ሽፋኑ የሚገለጠው ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ ወይም የሚያግዛት ሰው ሲሄድ ነው። ብዙ ሴቶች የወር አበባ ሊመጣ ሲልና ወደ ማረጥ ሲጠጉ እንደሚብስባቸውም ይናገራሉ።

ለዓመታት «ሰነፍ»፣ «ዝንጉ»፣ «ዝርክርክ» የተባለች ሴት በመጨረሻ ራሷም ታምነዋለች። ጭንቀትና ድብርት አብረው የሚመጡትም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

👉 «እኔም እረሳለሁ፤ ኤዲኤችዲ አለብኝ ማለት ነው?»

አይደለም፤ ሁላችንም እንረሳለን። በአዋቂ ላይ ኤዲኤችዲ ለማለት ቢያንስ 5 የትኩረት ማነስ ምልክቶች ወይም 5 የቅብጥብጥነትና የችኩልነት ምልክቶች ያስፈልጋሉ። የተወሰኑት ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ የሚታዩ (ለምሳሌ ቤትም ሥራም)፣ ኑሮን በግልጽ የሚያውኩ መሆን አለባቸው። በደም ምርመራ ወይም በጭንቅላት ፎቶ አይታወቅም፤ ባለሙያ የልጅነት ታሪክሽን ጠይቆ ነው የሚለየው። እናት ወይም ታላቅ እህት አብራ ብትመጣ በጣም ትረዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያወጣው የ6 ጥያቄ መለያ ቅጽም አለ፤ እሱ ግን ወደ ሐኪም መሄጃ ምልክት እንጂ ምርመራ አይደለም።

ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ነገር የሚያመጡትን ማጣራት ያስፈልጋል፦ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን መዛባት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ባይፖላር፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድካም። በተለይ መርሳቱ የጀመረሽ በቅርቡ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ጫት ስቅም ሐሳቤ ይሰበሰባል» የሚሉኝ አሉ። ጫት ውስጥ አነቃቂ ንጥረ ነገር ስላለ ለጊዜው እንደዚያ ሊሰማ ይችላል። ግን ሕክምና አይደለም፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብን ያስቸግራል፣ በማግስቱ ትኩረትን የባሰ ይበትናል።

👉 ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፦ ማስታወስን ከጭንቅላትሽ አውጥተሽ ዕቃ ላይ፣ ግድግዳ ላይና ስልክ ላይ አስቀምጪው። «ከዛሬ ጀምሮ አልረሳም» ብሎ መማል አይሠራም።

1. እሳትና መብራት ይቅደሙ። መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ምጣዱን፣ ምድጃውንና ካውያውን ከሶኬት መንቀል ነው፤ ሻማ ፍለጋው ይቆይ። ድስት ጥደሽ ከኩሽና መውጣት ካለብሽ ማማሰያውን በእጅሽ ይዘሽ ውጪ። ሳሎን ቁጭ ብለሽ ማማሰያ ይዘሽ ስታገኚው ትዝ ይልሻል።

2. ለስልክሽ አላርም ስም ስጪው። «9፡00 — ጫማ አድርጊ»፣ «9፡10 — ከቤት ውጪ» በይው። አንድ አላርም አይበቃም፤ አንዱ ለመዘጋጀት፣ አንዱ ለመውጣት። መንገዱ ላይ ሳትወጪ አታጥፊው።

3. በር አጠገብ አንድ ሚስማር፣ አንድ ሳህን። ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ ቦርሳ ሁሌም እዚያ። ሌላ ቦታ ለደቂቃም አይቀመጡ።

4. ክፍያን ከደመወዝ ቀን ጋር እሰሪው። የመብራት፣ የውሃ፣ የትምህርት ቤት፣ የእቁብና የእድር ክፍያ ደመወዝ በገባበት ቀን፣ በአንድ መቀመጫ ይለቅ። በስልክ የሚከፈለውን በስልክ ክፈዪው።

5. ለሥራ ቀን ስጪው። ልብስ እሁድ፣ ሊጥ ማክሰኞ፣ አስቤዛ ቅዳሜ። ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። እንጀራ ገዝቶ መብላት ደግሞ ነውር አይደለም! የሚያደክምሽን አንድ ሥራ መተው ሌሎቹን ሊያድናቸው ይችላል።

6. መጀመር ሲያቅትሽ 10 ደቂቃ ብቻ ሙዪ። ሰው አጠገብሽ ሲኖር ይቀላል፤ ልብስ ስታጥፊ እህትሽን ደውለሽ ስፒከር ላይ አድርጊያት።

7. ቶሎ «እሺ» አትበይ። የድግስ ሥራ፣ ማኅበር፣ አደራ ሲመጣ «አይቼ ልደውልልሽ» በይ። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው በደግነት ይቸኩልና በኋላ ይጨነቃል።

8. እንቅልፍሽን ጠብቂ። በእንቅልፍ እጦት ላይ ከላይ ያሉት ሁሉ አይሠሩም። ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንሺ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመጂ።

👉 ለባሎች

ባለቤቷን አስጠርቼው መጣ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። «እኔ እኮ ሆን ብላ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። «እረዳታለሁ፣ ግን ካልነገረችኝ ምን ላድርግ?»

ችግሩ እዚህ ጋ ነው ወንድሞቼ። «ንገሪኝና ልርዳሽ» ስትሉ የማስታወሱን ሥራ ለእሷ ትታችሁ ነው፤ እሷን ያቃታት ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ሥራን ከነማስታወሱ ውሰዱ። በእነሱ ቤት ልጁን ከትምህርት ቤት ማውጣትና የመብራት ካርድ መሙላት ሙሉ በሙሉ የእሱ ሆነ። እሷ አታስታውሰውም፣ አትጠይቀውም። ስድብና ጩኸት ደግሞ ማንንም አስታዋሽ አድርጎ አያውቅም፤ መደበቅን ብቻ ነው የሚያስተምረው።

👉 ሕክምና አለው?

አለው። ሜቲልፌኒዴትና አቶሞክሰቲን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ብዙ ሰው ላይ ጥሩ ለውጥ ያመጣሉ። ግን በየፋርማሲው አይገኙም፣ ለሁሉም ሰውም አይሆኑም፤ የልብ ችግር፣ የደም ግፊት፣ ባይፖላር፣ እርግዝና ወይም ማጥባት ካለ በጥንቃቄ ይታያል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን ወይም ለልጅሽ የታዘዘውን በራስሽ ፈቃድ እንዳትወስጂ! የባህሪና የአስተሳሰብ የንግግር ሕክምናም ይረዳል።

አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ ትችላላችሁ። ሌላ ከተማ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሪፈር አጽፉ። «አማኑኤል ገባች» መባልን የምትፈሩ ብዙ ናችሁ፤ ታካሚዬም ፈርታ ሦስት ሳምንት ዘግይታለች።

⚠️ ተስፋ መቁረጥ ከበዛ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ታካሚዬ አሁን በአእምሮ ሐኪም ክትትል ላይ ናት፤ ልጇም እንደዚሁ። እናትና ልጅ ግድግዳ ላይ አንድ ዝርዝር አላቸው፣ እየተሽቀዳደሙ ምልክት ያደርጋሉ። ቤቱ ፍጹም አልሆነም። ባለፈው የማክሰኞ ቀጠሮዋን ረስታ ረቡዕ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሳቀችና እንዲህ አለችኝ፦

«ዶክተርዬ፣ ቀኑ ተሳስቶብኛል። ግን ምጣዱን ነቅዬ ነው የመጣሁት።»

ይህን ለሚያስፈልጋት እህት፣ ለባሏም ጭምር አጋሩላቸው።